የፊተኛው ምን ሆነ? ከባሕር ዳርና ከዘጌ የደም ግፊት ሕሙማን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጥናቱ መሪዎች፣
ጥናቱን ላስተናገደው ጤና ተቋም ኃላፊዎች፣
ፈቃድ ለሰጠው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣

የተከበራችሁ ሁሉ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓመት በተካሄደው የደም ግፊት ጥናት ውስጥ የነበርን ሰዎችን ወክዬ ነው። ግማሾቻችን የባሕር ዳር ነዋሪ ነን። ሌሎቻችን ከዘጌ በጀልባ፣ ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ደግሞ በእግርና በባጃጅ እየመጣን ነበር የምንታየው። ዛሬም በስልክ የምንፈላለግ 43 ሰዎች አለን። ስማችሁን እዚህ አልጠራሁም። ማን እንደሆናችሁ እናንተም እኛም እናውቃለን። የምንፈልገው መልስ ነው።

ደብዳቤውን ያስነሳው ያለፈው ወር ስብሰባ ነው። ሁለት ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎች ደወሉልን። "አዲስ ጥናት ሊጀመር ነው፤ እናንተ ልምድ ስላላችሁ መጥታችሁ ብትፈርሙ" አሉን። ሄድን። ልጆቹ ትሁት ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ቅሬታ የለንም። ቅጹ ሲታደል ግን አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሱና "ልጆቼ፣ የፊተኛው ምን ሆነ?" ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አላወቁም። እርስ በእርስ ተያዩ። እኛም ተያየን። ሁለት ዓመት ሙሉ ደማችንን ሰጥተን፣ ከመካከላችን አንድም ሰው መልሱን አያውቅም። በዚያ ቀን ማንም አልፈረመም።

ጥናት ጠልተን አይደለም። ይህ በደንብ እንዲታወቅልን እፈልጋለሁ። ጥናቱ ምን እንዳደረገልን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አስቀድሜ እሱን ልናገር።

እኔ ከጥናቱ በፊት 11 ዓመት ግፊቴን ተለክቻለሁ። በትክክል እንዴት እንደሚለካ ግን አላውቅም ነበር። ተመላላሽ ክፍል ሰልፉ ረጅም ነው። ደረጃ ወጥቼ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጨርቁን በሹራቤ ላይ ይጠመጥሙልኛል። አንዴ ይለካል፤ ቁጥሩ ካርዴ ላይ ይጻፋል፤ ቀጣይ ይባላል። ነርሶቹን አልወቅስም። በር ላይ ስልሳ ሰው ቆሞ ሌላ ምን ያድርጉ?

ጥናቱ ላይ ሲስተር መጀመሪያ "ሽንት ቤት ደርሰው መጥተዋል?" ትለኛለች። ከዚያ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር፣ ሳላወራ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። ክንዴ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፣ ከልቤ ትክክል። ሁለት ጊዜ ትለካለች። ሽንት ሲይዝ፣ ሲያወሩ፣ ክንድ ሲንጠለጠል ቁጥሩ ከፍ እንደሚል ያወቅሁት ከእሷ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጓደኛችን በሰልፍ ሲለካ ግፊቱ አልወርድ ብሎ ሁለተኛ ክኒን ተጨምሮለት ነበር። ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። እዚያ ተረጋግቶ ሲለካ አንዱ ክኒን እንደሚበቃው ታወቀ። በቀን አሥር ሰዓት መሪ የሚይዝ ሰው ነው። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቡት።

በወር አንድ ጊዜ ስልክ ይደወልልን ነበር። "ክኒን ስንት ቀረዎት?" ይሉናል። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ አስቀድሞ ጨው እንዳለበት፣ ወጡ ላይ ስንጨምር ሁለተኛችን እንደሆነ ቆጥረው አሳዩን። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ እናቶች በዚያ ነው የተዉት። ጸበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቆሙም ነበሩ። ሲስተር አልተቆጣቻቸውም። ዘጌ ድረስ ሄዳ ከአንድ ካህን ጋር ተነጋገረች። ካህኑ ራሳቸው "ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ" ብለው ነገሩን። ይህን ሐኪም መቶ ጊዜ ቢናገር እንደዚያ አይሰማም ነበር።

የእኔ ግፊት 170 በ100 ነበር። በስምንት ወር ውስጥ 130 በ80 ላይ ረጋ። የዋጥኩት አዲስ መድኃኒት አልነበረም። አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ሁለቱም የቆዩ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ያሉ፣ ከብዙዎቹ ጋር ሲተያዩ ርካሽ ክኒኖች ናቸው። አዲስ የነበረው አያያዙ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አለኝና ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን አነባለሁ። በእንግሊዝ ከ209,000 በላይ የአንጀት ካንሰር ሕሙማንን መረጃ ያየ ሥራ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ብዙ ሕሙማንን ለተከታታይ ዓመታት በጥናት ያሳተፉ ሆስፒታሎች ውስጥ የታከሙ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ያነሱ ነበሩ፤ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም የተሻለ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ በጥናት ውስጥ ያልገቡትን ሕሙማን ጭምር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በጥናት ውስጥ የነበሩ ሰዎችና ተመሳሳይ ሕክምና ከጥናት ውጭ ያገኙ ሰዎች ሲነጻጸሩ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። መጀመሪያ ሁለቱ የሚጋጩ መሰለኝ። ደጋግሜ ሳስበው ግን አይጋጩም። የጥናት ቅጽ መፈረም ብቻውን ማንንም አያድንም። የሚጠቅመው ከጥናቱ ጋር የሚመጣው ሥርዓት ነው። በደንብ መለካት፣ መመዝገብ፣ መከታተል፣ ቀጠሮ የቀረን ሰው መፈለግ። ሆስፒታሉ ይህን ሥርዓት የራሱ ካደረገው ያልፈረመውም ይጠቀማል። ሥርዓቱ ከጥናቱ ጋር ተጠቅልሎ ከሄደ ግን የፈረመውም ወደነበረበት ይመለሳል።

እኛ ጋ የሆነው ሁለተኛው ነው። በደላችን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ጥናቱ ማለቁን ማንም አልነገረን። እኔ ያወቅሁት በቀጠሮዬ ቀን ስሄድ ክፍሉ ተቆልፎ ነው። የግፊት መለኪያዎቹ ተወስደዋል። ሲስተር ሌላ ሥራ ተቀይራለች። የጥበቃው ሠራተኛ "እነሱ እኮ ጨርሰው ሄዱ" አለኝ። ከዘጌ የመጡ ሦስት ሰዎች አብረውኝ በር ላይ ቆመው ነበር። የጀልባ ከፍለው፣ ሳይበሉ የመጡ ሰዎች ናቸው። ወደ ተመላላሽ ክፍል ሂዱ ተባልን። ሄድን። ሰልፍ ያዝን። መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን።

የደም ግፊት ክኒን እንደ ወባ መድኃኒት በሦስት ቀን የሚያልቅ አይደለም። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። ስታቆመው አያምህም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ግፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ይወጣል። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ የዘጌ ቡና ገበሬ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀጠሮ አልቀሩም። ጥናቱ ሲዘጋ የቀረቻቸውን ክኒን አንድ ቀን ለራሳቸው፣ አንድ ቀን ግፊት ላለባቸው ለባለቤታቸው እያደረጉ አብቃቁ። ከዚያም አለቀ። ከአራት ወር በኋላ ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሱ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። በጀልባ ተሸክመው ነው ያመጧቸው። አሁን በሕይወት አሉ፤ ቡናቸውን ግን የሚለቅሙት ሌሎች ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአንጎል ምቱን ያመጣው መድኃኒቱ መቋረጡ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ያ ክፍል ክፍት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው "አያ፣ ክኒን ስንት ቀረዎት?" ብሎ ይደውልላቸው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን መዝገባችን ነው። ሁለት ዓመት የተለካነው ሁሉ በጥናቱ ታብሌት ላይ ነው የተመዘገበው፤ በኮድ ቁጥር። የሆስፒታል ካርዳችን ላይ ግን ምንም የለም። አሁን የሚያየን ወጣት ሐኪም ካርዴን ገልጦ "አባቴ፣ ሁለት ዓመት አልታከሙም እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው? በሕይወቴ ከሁሉ የተሻለ የታከምኩባቸው ሁለት ዓመታት ለሐኪሜ ባዶ ገጽ ናቸው። የትኛው መድኃኒት እግሬን እንዳሳበጠው፣ መጠኑ መቼ እንደተቀነሰ እኔ በቃል ነገርኩት። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶች ይህን እንዴት ይናገሩ?

ከዚህ የሚብሰው የባጃጅ ሾፌሩ ነገር ነው። ቅድም የጠቀስኩት ልጅ ነው። ከጥናቱ ወጥቶ ሰባት ወር ቆይቶ ሲደክመው ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄደ። የኩላሊት ምርመራው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ "ከዚህ በፊት ተመርምረህ ታውቃለህ?" ሲለው አዎ፣ ጥናት ላይ ደም ሰጥቻለሁ አለ። ሲስተርን በስልክ አፈላልገን አገኘናት። ከቢሮ አስጠይቃ ነገረችን። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ልኬት፣ ክሪያቲኒኑ፣ በጥናቱ መጨረሻ ምርመራም ከፍ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ለልጁ የነገረው የለም። ደሙ ለጥናቱ መልስ ሰጥቷል፤ ለባለቤቱ ግን አልሰጠም። የ38 ዓመት ሰው ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው ቃል የተገባላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ጥናቱ በሁለት ከፍሎን ነበር። አንዱ ቡድን ስልክ የሚደወልለትና ቤት ድረስ ጤና ኤክስቴንሽን የሚላክለት ነው። ሌላው "እንደወትሮው" የሚታከም ነው። እንዲህ ካልተደረገ የትኛው እንደሚሻል እንደማይታወቅ ተነግሮናል፤ ገብቶናልም። እጣው የደረሰው ለእኔ ነው። ያልደረሳቸው ግን "ጥናቱ ሲያልቅ እናንተም ታገኛላችሁ" ተብለዋል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጥ አንዲት እናት በየሦስት ወሩ ለመለካት ብቻ ሥራዋን ጥላ ትመጣ ነበር። "የእኛ ተራ መቼ ነው?" ትለኛለች እስካሁን። እኔን የምትጠይቀኝ ሌላ የምትጠይቀው ስላጣች ነው።

ይህ ሊደረግ የማይችል ነገር አይደለም። እዚሁ ጎጃም ተደርጓል። በምስራቅ ጎጃም በዝሆኔ ሕሙማን ላይ፣ ከቀይ አፈር ጋር የሚያያዘው የእግር እብጠት ማለቴ ነው፣ 696 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዷል። ግማሾቹ እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና ጫማን ወዲያው አገኙ። የቀሩት ዓመቱ ሲሞላ እንዲያገኙ ሆኖ ነው ከመነሻው የታቀደው። ሕክምናውን ወዲያው ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ የቆዩት ደግሞ 23.9 ጊዜ የሚያሰቃየው ቁስለትና ትኩሳት ተነሳባቸው። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ውሃና ሳሙና፣ ፋሻና ጫማ ነው ነገሩ። ጥናቱ እንደሚሠራ አሳየ፤ የቆዩትም ተራቸው በዕቅድ ተይዞላቸው ነበር። እኛስ?

የስምምነት ቅጹንም ልንገራችሁ። ስድስት ገጽ ነው። አማርኛ ነው፣ ግን እኔ 34 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። በእኛ ዙር የነበሩ አንዲት እማሆይ አውራ ጣታቸውን የፈረሙት የእርዳታ ምዝገባ መስሏቸው ነው። ያወቁት ደም ሲወሰድ ነው። "ልውጣ" ማለት እንደሚችሉ ማንም አላስረዳቸውም፤ ቅጹ ላይ ግን ተጽፏል። ኮፒው ለአብዛኞቻችን አልተሰጠንም። የማን ስልክ ላይ ደውለን ቅሬታ እንደምናቀርብ እንኳ አሁን ለመጻፍ ስንፈልግ ነው የጠየቅነው።

የመጨረሻው ያው የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። ውጤቱ። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። ዘጌ ላይ "ደማችንን ውጭ አገር ሸጡት" የሚሉ አሉ። እኔ ሐሰት ነው እላለሁ። ግን ምን አሳይቼ ላሳምናቸው? እጄ ላይ አንድ ወረቀት የለም።

የእኛ ሰው በጥናት የሰጠው ነገር የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምስራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የትራኮማ ጥናት ተካሂዶ አዚትሮማይሲን ታድሏል። የጥናቱ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ራሱ "ጣና" ነው። ለዓይን በታደለው መድኃኒት የልጆች ሞት ጭምር ቀንሶ መታየቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱን መነሻ አድርጎ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ትልቅ ጥናት ተደረገ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታተም የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የጎጃም ልጆች ኒጀር ላሉ ልጆች ተረፉ ማለት ነው። ይህን ለዘጌ ሰዎች ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። እነሱም ለማን እንደተረፉ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ የእኛ ፍላጎት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የታደሰው የሄልሲንኪ መግለጫ በግልጽ ይለዋል። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ተሳታፊው ጠቃሚ ሆኖ የተገኘውን ሕክምና እንዴት እንደሚያገኝ ጥናቱ ሳይጀመር መታቀድ አለበት። ቅጹም ላይ መገለጽ አለበት። የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት የመስማት ምርጫም ለተሳታፊው መሰጠት አለበት። እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት የመጨረሻ ምርመራችን ይታይልን። እንደ ባጃጅ ሾፌሩ ሳይነገረው የቀረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይነገረው። ይህ ስብሰባም ደብዳቤም አያስፈልገውም። ስልካችን አላችሁ።

የሁለት ዓመቱ ልኬትና የመድኃኒት መዝገባችን በወረቀት ታትሞ በየካርዳችን ይግባልን።

"እንደወትሮው" ለታከሙት ወገኖቻችን የተገባው ቃል ይፈጸም። በጀት ካለቀ ማለቁን መጥታችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው። እኔ አልነግራቸውም።

ውጤቱን በአማርኛ፣ በቃል፣ አንዴ ባሕር ዳር አንዴ ዘጌ መጥታችሁ ንገሩን። ዘጌ ላይ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ይሻላል። ካህኑም እንደሚገኙ ቃል ሰጥተውናል። ጥናቱ ምንም ለውጥ አላሳየም ከሆነም ንገሩን፤ እሱም ውጤት ነው።

ለጤና ተቋሙ ኃላፊዎች አንድ የተለየ ጥያቄ አለን። አምስት ደቂቃ አስቀምጦ፣ ክንድ ገልጦ፣ ሁለት ጊዜ መለካት የውጭ ገንዘብ አይፈልግም። ወንበርና ሰው ይፈልጋል። ለግፊት ሕሙማን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለዩልን። ከእኛ መካከል ሰልፍ የሚያስተናግዱ፣ ለቀሩ ሰዎች የሚደውሉ ስድስት ሰዎች በነፃ ለማገልገል ተመዝግበዋል። ስማቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቢሮው አስገብቻለሁ።

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ፦ አዲሱ ጥናት ሲቀርብላችሁ "ሲያልቅስ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ተጽፎ ካልመጣ አትፈቅዱ። ቅጹ ያጥር፤ ለማያነብ ሰው ምስክር ባለበት ይነበብ፤ ኮፒው ከኮሚቴው ስልክ ጋር ለእያንዳንዱ ይሰጥ። ከመፈረሙ በፊት ሰውየው የገባውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገር። እማሆይ ያን ዕድል ቢያገኙ ኖሮ ስህተቱ በአንድ ደቂቃ ይታይ ነበር።

አዲሱን ጥናት አልዘጋንባችሁም። በስብሰባችን ላይ ተነጋግረንበታል። እነዚህ ነገሮች መልስ ካገኙ ከ43ታችን አብዛኞቹ ይፈርማሉ፤ እኔም እፈርማለሁ። የዘጌው ገበሬ እንኳ በልጃቸው በኩል "እኔንም ጻፉኝ" ብለዋል። እስከዚያ ግን የተሰጡን ቅጾች ሳይፈረሙ እኔ ዘንድ በፖስታ ተቀምጠዋል። መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የደም ግፊት ጥናት ተሳታፊዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ጸሐፊ፣
ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር፣
ባሕር ዳር